የጦር መሣሪያና ጥይት ከክልል ወደ ክልል በተሽከርካሪ የሚጓጓዝበት ሕጋዊ ሥርዓት፤ ከላስታ ለሚነሱ መንገደኞችና ለፈቃድ ሰጪ አካላት የቀረበ ማብራሪያ

በሰሜን ወሎ ዞን በላስታ ወረዳ ወይም በላሊበላ ከተማ የሚኖር አንድ ዜጋ በሕጋዊ መንገድ ያስመዘገበውን ጠመንጃ በመኪና ጭኖ ከአማራ ክልል ወሰን ውጭ ለመውሰድ ሲነሳ፣ በእጁ የሚገኘውን የይዞታ ፈቃድ ብቻ ተማምኖ መንገድ መጀመር አይገባውም። የጦር መሣሪያ መያዝና የጦር መሣሪያ ማጓጓዝ በሕግ ፊት ሁለት የተለያዩ ተግባራት ናቸው። ለመጀመሪያው የተሰጠ ፈቃድ ሁለተኛውን በራሱ አይሸፍንም።

ይህ ልዩነት በብዙ ባለይዞታዎች ዘንድ በውል የሚታወቅ አይደለም። በአካባቢው ጠመንጃ የሀብትና የክብር ምልክት፣ የእህልና የከብት መጠበቂያ፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ቅርስ ሆኖ ለረጅም ዘመን ኖሯል። በቀበሌውና በወረዳው የሚታወቅ ሰው ጠመንጃውን አንግቶ ገበያ ሲወርድ ማንም ባዕድ ነገር አድርጎ አይመለከተውም። ያው ሰው ያንኑ ጠመንጃ በመኪና ጭኖ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮችን ሲጓዝ ግን ከማያውቁት ፖሊሶች ፊት ይቆማል። በዚያን ጊዜ ሕጋዊውን ባለቤት ከሕገወጥ አዘዋዋሪ የሚለየው በእጁ የያዘው ሰነድ ነው። ሰነዱን አዘጋጅቶ የሚሰጠው የመንግሥት ሠራተኛም የባለጉዳዩን ነፃነትና ንብረት የሚነካ ሥራ እየሠራ መሆኑን መገንዘብ ይኖርበታል።

የሕጉ መሠረት

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 21 የጦር መሣሪያ ስለመያዝ የሚመለከት ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። በዚሁ አንቀጽ ሁለትና ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ አውራ ጎዳናዎች አስተዳደርም በፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ሥር ተቀምጧል። በሌላ በኩል ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን የፖሊስ ኃይል የማደራጀትና በክልላቸው ሰላምና ጸጥታ የማስከበር ሥልጣን እንዳላቸው ደንግጓል። በመሆኑም ከክልል ወደ ክልል የሚጓጓዝ የጦር መሣሪያ ሕጉ አንድ ሆኖ አስፈጻሚዎቹ የተለያዩ በሆኑበት መንገድ ላይ ያልፋል ማለት ነው።

ጉዳዩን በዝርዝር የሚገዛው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። አዋጁን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው ታህሳስ 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ኅብረተሰቡ በጦር መሣሪያ አያያዝ ረገድ ያለውን ልማድ ከግምት ውስጥ እያስገባ ሕገወጥ ዝውውርን ለመግታት የወጣ ሕግ ነው። አዋጁ ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝን፣ ወደ አገር ማስገባትንና ማስወጣትን፣ ማከማቸትን፣ መሸጥን፣ መጠገንንና ማጓጓዝን ይከለክላል። ማጓጓዝ ከመያዝ ተለይቶ ራሱን ችሎ መጠቀሱ ለዚህ ማብራሪያ ዋነኛው ነጥብ ነው። ቁጥጥሩን በበላይነት የሚመራው የፌዴራል ፖሊስ ሲሆን፣ የክልል ፖሊስ ኮሚሽኖችም በሚሰጣቸው ውክልና መሠረት ይሠራሉ።

ከዚህ በተጨማሪ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 481 ያለ ልዩ ፈቃድ ወይም ከሕግ ውጭ የጦር መሣሪያንና ጥይትን መሥራትን፣ ማጓጓዝን፣ ማከማቸትን፣ መደበቅን፣ ለሽያጭ ማቅረብንና ማሠራጨትን በወንጀል ያስጠይቃል። በዚህ ድንጋጌ ጥይት ከመሣሪያው ተለይቶ መጠቀሱ ሊዘነጋ አይገባም። ጠመንጃ ሳይኖር ጥይት ብቻውን ጭኖ መገኘትም ተጠያቂነትን ያስከትላል።

ኢትዮጵያ ከጎረቤቶቿ ጋር የተስማማችባቸው ግዴታዎችም አሉ። ሚያዝያ 13 ቀን 1996 ዓ.ም. የተፈረመው የናይሮቢ ፕሮቶኮል በታላላቅ ሐይቆች አካባቢ፣ በአፍሪካ ቀንድና በአዋሳኝ አገሮች የሚገኙ ቀላልና አነስተኛ የጦር መሣሪያዎች ምልክት እንዲደረግባቸው፣ እንዲመዘገቡና ዝውውራቸው ክትትል እንዲደረግበት ፈራሚ አገሮችን ያስገድዳል። አንድ ወረዳ የመሣሪያን መለያ ቁጥር በትክክል ሲመዘግብ ይህንኑ ግዴታ በታችኛው እርከን መወጣቱ ነው።

የላስታ ተራሮችና የመሣሪያ መተላለፊያነታቸው

በዚህ አካባቢ የጦር መሣሪያ ማለፍና አለማለፍ የአገርን ዕጣ የወሰነበት ጊዜ ነበር። ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት ለመድፉ ማለፊያ መንገድ እያስጠረጉ በዋድላና በደላንታ አምባዎች በኩል ነበር። በዚያው ዓመት በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲጓዝ የላስታንና የዋድላን ከፍታዎች አቋርጧል። የላስታና የዋግ ገዥ የነበሩት ዋግሹም ጎበዜ ጦሩ እንዲያልፍ መንገዱን አልዘጉም። እንግሊዞች ሲመለሱ ግን መድፎችንና በመቶዎች የሚቆጠሩ ጠመንጃዎችን ከነጥይታቸው ለትግራዩ ደጃዝማች ካሳ ሰጥተው ሄዱ። ዋግሹም ጎበዜ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ቢነግሡም፣ በሐምሌ ወር 1863 ዓ.ም. በአድዋ አቅራቢያ በቁጥር ከእርሳቸው ሠራዊት በሚያንሰው፣ በመሣሪያ ግን በተሻለው የካሳ ጦር ድል ሆኑ። ካሳም አፄ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ነገሡ።

የጦር መሣሪያ ዝውውርን በሕግና በስምምነት የመግዛቱ ጥረትም አዲስ አይደለም። ነሐሴ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. በፓሪስ ኢትዮጵያ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ የተፈራረሙት ውል ወደ ኢትዮጵያ የሚገባውን የጦር መሣሪያና ጥይት የሚመለከት ነበር። በቅርቡም በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት ወደ ሰሜን ወሎ ተስፋፍቶ ላሊበላ ከሐምሌ 2013 እስከ ታህሳስ 2014 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ተፈራርቃለች። ጦርነት ባለፈበት አገር ምዝገባ የሌለው መሣሪያና ጥይት በኅብረተሰቡ መካከል መቅረቱ ስለማይቀር፣ በሕጋዊና በሕገወጥ ይዞታ መካከል ያለውን ልዩነት በሰነድ ማረጋገጥ ከቀድሞው ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል።

ከላሊበላ የሚወጡ መንገዶችና የክልል ወሰኖች

መንገደኛው የትኛውን መንገድ እንደሚከተል ካልታወቀ የፈቃዱ ሰነድ ሙሉ ሊሆን አይችልም። ከላሊበላ ወደ ደቡብ 64 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ጋሸና ላይ ከወልድያ ወደ ወረታ ከሚወስደው ጎዳና ጋር ይገናኛል። ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ በድልብ በኩል ወልድያ ይደርሳል። ወደ ምዕራብ የሚታጠፈው ደግሞ በደብረ ታቦርና በወረታ በኩል ወደ ባሕር ዳር ይወስዳል። ከላሊበላ ወደ ሰሜን በብልባላ በኩል የሚሄደው መንገድ ሰቆጣ ያደርሳል።

ወልድያ የደረሰ መንገደኛ ሦስት አቅጣጫ ይጠብቀዋል። ወደ ሰሜን የሚሄደው በቆቦ በኩል ወደ አላማጣና ወደ መቀሌ ነው። ወደ ምሥራቅ የሚሄደው በሐራ በኩል ቁልቁል ወርዶ ወደ አፋር ክልል በመግባት ሚሌ ላይ ከጅቡቲ መንገድ ጋር ይገናኛል። ወደ ደቡብ የሚሄደው ደሴን፣ ኮምቦልቻን፣ ከሚሴን፣ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ብርሃንን አልፎ አዲስ አበባ ይደርሳል።

በዚህ በመጨረሻው መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ከላሊበላ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ጉዞውን ከአማራ ክልል ወደ ፌዴራሉ ርዕሰ ከተማ እንደሆነ አድርጎ ያስባል። መንገዱ ግን ከደብረ ብርሃን በኋላ በአለልቱና በሰንዳፋ በኩል የኦሮሚያ ክልልን አቋርጦ ነው አዲስ አበባ የሚገባው። በባሕር ዳርና በደጀን በኩል የመጣ መንገደኛም ዓባይን ተሻግሮ ጎሐ ጽዮን ሲደርስ ኦሮሚያ ክልል ይገባል። ስለሆነም መነሻንና መድረሻን ብቻ የሚጠቅስ ደብዳቤ መካከል ላይ ላለው ክልል ፖሊስ የሚነግረው ነገር የለም። በአንጻሩ ከሚሴ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ብትሆንም በአማራ ክልል ውስጥ የምትገኝ በመሆኗ እዚያ መድረስ የክልል ወሰን መሻገር አይደለም።

የማጓጓዣ ሰነድ ሊይዛቸው የሚገቡ ዝርዝሮች

ባለይዞታው ከመነሳቱ በፊት በአካባቢው ለሚገኘው የፖሊስ ጽሕፈት ቤት አመልክቶ፣ ለጉዞው ሥልጣን ባለው የፖሊስ አካል የተሰጠ የጽሑፍ ፈቃድ መያዝ ይኖርበታል። ቀበሌ የሚሰጠው የነዋሪነት ማረጋገጫ፣ የሽማግሌዎች ምስክርነት ወይም የመሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ለማመልከቻው አባሪ ይሆን እንደሆነ እንጂ ፈቃዱን አይተካም። በስልክ የሚሰጥ ፈቃድም ኬላ ላይ የሚታይ ማስረጃ አይሆንም።

ሰነዱ በኬላ ላይ ለሚነሱ ጥያቄዎች ሁሉ መልስ የሚሰጥ ሆኖ ሲዘጋጅ የሚከተሉትን ይይዛል።

- የባለይዞታው ሙሉ ስም ከነአያት፣ አድራሻውና የመታወቂያው ቁጥር፣ እንዲሁም የይዞታ ፈቃዱ ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን፤
- የመሣሪያው ዓይነት፣ ስሪትና በብረቱ ላይ የተቀረጸው መለያ ቁጥር፣ ፊደልና አኃዝ ሳይዛነፍ፤
- የጥይቱ ዓይነትና ቁጥር በአኃዝና በፊደል፣ እንዲሁም የካዝናዎቹ ብዛት፤
- የጉዞው ምክንያት፣ ለምሳሌ የመኖሪያ ለውጥ፣ ጥገና ወይም ለመንግሥት ማስረከብ፤
- መነሻው፣ መድረሻውና የሚታለፍባቸው ክልሎችና ዋና ዋና ከተሞች፤
- የተሽከርካሪው ሰሌዳ ቁጥርና የአሽከርካሪው ስም፤
- ፈቃዱ የሚጸናበት የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን፤
- የሰጪው ኃላፊ ስም፣ ፊርማ፣ ማኅተምና ትክክለኛነቱን ለማጣራት የሚደወልበት የመሥሪያ ቤቱ ስልክ ቁጥር።

ከእነዚህ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የሚፈጥረው የመለያ ቁጥሩ ነው። ያረጁ ጠመንጃዎች ላይ ቁጥሩ በዝገትና በመታሸት ደብዝዞ ይገኛል። ክፍሎቻቸው በተለዋወጡ መሣሪያዎች ላይም አንዱ ክፍል ከሌላው የተለየ ቁጥር ሊኖረው ይችላል። መዝጋቢው ሠራተኛ ቁጥሩን ከቀድሞ ደብዳቤ ላይ መገልበጥ የለበትም። መሣሪያውን ራሱ ተመልክቶ መጻፍ፣ የማይነበብ ፊደል ካለም ይህንኑ በግልጽ ማስፈር ይገባዋል። በሰነዱና በብረቱ ላይ ያለው ቁጥር በአንድ አኃዝ ቢለያይ የኬላው ፖሊስ መሣሪያውን ሌላ መሣሪያ አድርጎ ለመቁጠር በቂ ምክንያት ያገኛል። የሚጎዳውም ስህተቱን የፈጸመው ጸሐፊ ሳይሆን ባለመሣሪያው ነው።

የጥይት ቁጥርም እንዲሁ ነው። አንድ የክላሽንኮቭ ካዝና በተለምዶ 30 ጥይት ይይዛል። በፈቃዱ ላይ 30 ተብሎ ተጽፎ በመኪናው ውስጥ 200 ጥይት ቢገኝ፣ ትርፉ 170 ጥይት ፈቃድ የሌለው ነው። «ከነጥይቱ» ተብሎ ብቻ የሚጻፍ ፈቃድ ለዚህ ዓይነቱ ክርክር በር ይከፍታል።

በተሽከርካሪ ውስጥ የሚደረግ ጥንቃቄ

የላስታ መንገዶች ጠመዝማዛና ዳገታማ በመሆናቸው የተሽከርካሪ መናጥና መገልበጥ የሚያጋጥም ነው። በጥይት የጎረሰ ጠመንጃ በእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ ላይ ለባለቤቱም ለተሳፋሪውም አደጋ ነው። ስለዚህ ከመነሳት አስቀድሞ ካዝናው ይነቀላል፤ ጥይት መጉረሻው ተከፍቶ ባዶነቱ በዓይንና በጣት ይረጋገጣል። ይህ ሁሉ ሲደረግ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ይዞራል። ጠመንጃው በሚቆለፍ ሣጥን ወይም በሚታሰር ማኅደር፣ ጥይቱ ደግሞ በሌላ መያዣ ተለይተው ይቀመጣሉ። ዕቃ መጫኛው ከተሳፋሪው ክፍል የተለየ ከሆነ ሁለቱም በዚያ ይደረጋሉ። ጥይት ከነዳጅ ጀሪካን፣ ከሚግል ብረትና ከፀሐይ መራቅ ይኖርበታል።

መሣሪያውን ሌባ እንዳያየው ማድረግ ተገቢ ነው፤ ከፖሊስ መደበቅ ግን ሌላ ነገር ነው። በሚቆለፍ ሣጥን ውስጥ ያለ መሣሪያ ሣጥኑ ሲጠየቅ የሚከፈት እስከሆነ ድረስ የተጠበቀ ዕቃ ነው። በእህል ጆንያ መካከል፣ በበር ቆርቆሮ ውስጥ ወይም በወንበር ሥር ተሰፍቶ የተገኘ መሣሪያ ግን ፈቃድ ቢኖረው እንኳ ጥርጣሬን ይጠራል።

በሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪ የሚጓዝ ባለይዞታ ለአሽከርካሪውና ለረዳቱ አስቀድሞ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። አሽከርካሪውም በማያውቀው ጭነት ምክንያት ከምርመራ ነፃ እንደማይሆን ተገንዝቦ፣ ባለቤት የሌለው ወይም «ለዘመድ አድርስልኝ» ተብሎ የተሰጠውን ጥቅል ሳያይ መጫን የለበትም። መሣሪያው ከፈቃዱ ባለቤት ጋር መጓዝ ይኖርበታል። ፈቃዱ በሰው ስም የተሰጠ በመሆኑ በሌላ ሰው እጅ የሚላክ ጠመንጃ ፈቃድ እንደሌለው ይቆጠራል።

በኬላ ላይ የመንገደኛውና የፖሊሱ ግዴታ

መንገደኛው ኬላ ሲደርስ ሞተሩን አጥፍቶ፣ እጁን ወደ መሣሪያው ሳይሰድ፣ መሣሪያ መያዙን አስቀድሞ በቃል ይናገራል፤ ሰነዱንም ያቀርባል። መሣሪያውን አውጥቶ የሚያሳየው ሲጠየቅ ብቻ ነው።

ፖሊሱም በበኩሉ ሕገ መንግሥታዊ ገደቦች አሉበት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ማንኛውም ሰው አካሉና ንብረቱ ከሕግ ውጭ እንዳይፈተሽበት መብት ሰጥቶታል። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት የተያዘን ሰው አካል የሚፈትሸው ተመሳሳይ ጾታ ያለው ሰው ነው። መሣሪያው እንዲያዝ ከተወሰነ ዓይነቱ፣ መለያ ቁጥሩና የጥይቱ ብዛት ተመዝግቦ ለባለቤቱ የተፈረመ ደረሰኝ ሊሰጠው ይገባል። ያለ ደረሰኝ የተወሰደ መሣሪያ ለባለቤቱም ለመንግሥትም የጠፋ መሣሪያ ነው፤ ተመልሶ በሕገወጥ ገበያ ላይ የመገኘት ዕድሉም ሰፊ ነው።

የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት እንዳለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ይደነግጋል። ከተያዘበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤት ለሚደረግ ጉዞ በግምት የሚያስፈልገው ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ይህ የመጨረሻው ሐረግ ከዋና ከተማ በራቀ ተራራማ አካባቢ ጠቀሜታ ቢኖረውም፣ የመጓጓዣ እጥረትን ሰበብ አድርጎ ሰውን ለቀናት ለማቆየት የተሰጠ ፈቃድ ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

የተለየ ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

ውርስ፡- ባለፈቃዱ ሲሞት ጠመንጃው ለወራሽ የሚያልፍ ንብረት ይሁን እንጂ ፈቃዱ አብሮ አይተላለፍም። በአዲስ አበባ የሚኖር ልጅ ላስታ ሄዶ ከለቅሶ ሲመለስ የአባቱን ጠመንጃ በመኪናው ጭኖ ቢመጣ፣ በስሙ ፈቃድ የሌለው መሣሪያ እያጓጓዘ ነው። ትክክለኛው አካሄድ ሞቱን ለአካባቢው ፖሊስ ማሳወቅ፣ መሣሪያውን በዚያው አስረክቦ ወይም በአደራ አስመዝግቦ የፈቃዱ ጉዳይ እስኪወሰን መጠበቅ ነው።

የመንግሥት መሣሪያ፡- ለሚሊሻ አባል ወይም ለተቋም ጥበቃ የተሰጠ መሣሪያ የግል ንብረት አይደለም። ለተሰጠበት ተግባርና ቦታ የሚያገለግል በመሆኑ ለግል ጉዳይ ከክልል ውጭ ሊወጣ አይገባም። በሥራ ምክንያት መንቀሳቀስ ሲኖርበት የተቋሙ የጽሑፍ ትእዛዝ አብሮት ይጓዛል።

የተገኘ መሣሪያና ያልፈነዳ ተተኳሽ፡- በእርሻ ወይም በገደል ሥር የተገኘ ጠመንጃና ጥይት ለፖሊስ ይገለጻል። የእጅ ቦምብ፣ የሞርታር ጥይትና ሌላ ያልፈነዳ ተተኳሽ ግን ለማስረከብ በሚል እንኳ ሊነሳና በመኪና ሊጫን አይገባም። ቦታው ምልክት ተደርጎበት፣ ሰውና ከብት እንዲርቅ ተደርጎ ባለሙያ እስኪመጣ ይጠበቃል።

የክብረ በዓል ወቅት፡- የገና በዓል በላሊበላ በሚከበርበት ሰሞን ከየአቅጣጫው እጅግ ብዙ ምዕመን ወደ ከተማዋ ይጎርፋል። የጦር መሣሪያ ሕዝብ ወደሚሰበሰብበት ሥፍራ ይዞ መግባት የይዞታ ፈቃድ የሚሸፍነው ጉዳይ ባለመሆኑ፣ መሣሪያ የሚያጓጉዝ ሰው ጉዞውን ከበዓሉ በፊት ወይም በኋላ ማድረጉ ለራሱም ለጸጥታ አካላትም የተሻለ ነው።

የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ፡- በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት ምክንያት ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ ከተራዘመ በኋላ እስከ ግንቦት 2016 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ በሰዎችና በመሣሪያ እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ለመጣል አስችሎ ነበር። ይህ ዓይነት አዋጅ በሚጸናበት ጊዜ በሰላሙ ወቅት የተሰጠ የማጓጓዣ ፈቃድ ሊታገድ ይችላል። አዋጅ በሌለበት ጊዜም የጸጥታ ሁኔታ በየመንገዱ ስለሚለያይ፣ ፈቃድ ሰጪው አካል የሚታለፍበትን መንገድ ሁኔታ ሳያጣራ ፈቃድ መስጠት፣ ባለይዞታውም ሳይጠይቅ መነሳት አይገባቸውም።

ከሌሎች አገሮች ልምድ

በፌዴራል ሥርዓት የሚተዳደሩ ሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ጥያቄ ገጥሟቸዋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ የፌዴራል ሕግ፣ አንድ ሰው በመነሻውም በመድረሻውም ግዛት መሣሪያውን በሕጋዊ መንገድ መያዝ የሚችል ከሆነ በመካከል ያሉትን ግዛቶች አቋርጦ እንዲያልፍ ይፈቅድለታል። ለዚህም መሣሪያው ጥይት ያልጎረሰ መሆን፣ መሣሪያውም ጥይቱም ከተሳፋሪው ክፍል በቀጥታ የማይደረስባቸው መሆን አለባቸው። የተለየ ዕቃ መጫኛ በሌለው መኪና በተቆለፈ መያዣ ውስጥ መቀመጥ ይኖርባቸዋል። የአውሮፓ አገሮች ደግሞ በአባል አገሮች መካከል ከመሣሪያው ጋር የሚጓዝ የአውሮፓ የጦር መሣሪያ ፓስፖርት ሥራ ላይ አውለዋል። በዚህ ሰነድ ላይ የባለቤቱ ማንነትና የመሣሪያው ዝርዝር ሰፍሮ ይገኛል።

የኢትዮጵያ ሕግ መነሻ ከአሜሪካው ይለያል። በኢትዮጵያ ማጓጓዝ የሚጀምረው ከፈቃድ እንጂ ከመብት አይደለም። ይሁን እንጂ ከሁለቱም ልምዶች የሚወሰዱ ሁለት ቁም ነገሮች አሉ። አንደኛው ጥይትና መሣሪያ ተለያይተው መጓዛቸው ነው። ሁለተኛው የመጀመሪያው ኬላም ሆነ የመጨረሻው አንድ ዓይነት መረጃ የሚያገኙበት ወጥ የሆነ ሰነድ ከመሣሪያው ጋር መጓዙ ነው።

የፈቃድ ሰጪው አካል ድርሻ

ከላስታ እስከ ክልሉ ወሰን ያለው መንገድ ረጅም ነው። በመንገዱ ላይ የሚቆሙት ፖሊሶች ባለይዞታውን አያውቁትም፤ የሚያውቁት የወረደውን ፊርማና ማኅተም ነው። በመሆኑም ደብዳቤው በጥንቃቄ ከተዘጋጀ ሕጋዊው ባለቤት ሳይጉላላ ያልፋል፤ ሕገወጡም በቀላሉ ይለያል። በችኮላ፣ በትውውቅ ወይም በደፈናው የተጻፈ ደብዳቤ ግን ሁለት ጉዳት ያስከትላል። በአንድ በኩል ንጹሑን ሰው ለእስር፣ ንብረቱንም ለውርስ ይዳርጋል። በሌላ በኩል ለሕገወጥ ነጋዴ ሽፋን ይሆናል። ስለሆነም እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት የሰጣቸውን ፈቃዶች ቅጂ በተራ ቁጥር ማስቀመጥ፣ በሚታለፍባቸው ክልሎች ለሚገኙ አቻ መሥሪያ ቤቶች በግልባጭ ማሳወቅ፣ ከኬላ ለሚመጣ የማጣሪያ ጥሪ በማንኛውም ሰዓት መልስ የሚሰጥ ሠራተኛ መመደብና ባለይዞታው መድረሻው ደርሶ መሣሪያውን ማስመዝገቡን ተከታትሎ መዝገቡን መዝጋት ይጠበቅበታል።